የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኳስና የቆየ ፐብ በእንግሊዝ አገር

ከጓደኛ ጋር ሆኖ እንግሊዝ ሄዶ ኳስ ማየትና የቆዩ መጠጥ ቤቶችን መዞርን የሚመለከቱ ጥያቄዎች በዝተው ስለደረሱን ይህን ዓምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ሰዓትና ዓመተ ምሕረት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ብንጽፈው 9 ሰዓት ያልነውን ጨዋታ ጠዋት ሄዶ የሚጠብቅ አይጠፋም።

አምስት ጓደኛሞች የአርሰናል ደጋፊዎች ነን። ዓርብ ማታ ገብተን የቅዳሜውን ጨዋታ አይተን እሑድ ጠዋት የምንመለስበትን የአውሮፕላን ትኬት ልንቆርጥ ነው። የስታዲየሙን ትኬት እዚያው ስንደርስ ብንገዛ ምን ይመስላችኋል? (ከፍራንክፈርት)

ሁለቱም አይሆንም። የአውሮፕላኑን ትኬት ለጊዜው ተዉት። የፕሪሚየር ሊግ መርሐ ግብር ሰኔ ላይ ሲወጣ አብዛኛው ጨዋታ ቅዳሜ 15፡00 ተብሎ ይጻፋል፤ ያ ግን ቦታ መያዣ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሚፈልጉትን ከመረጡ በኋላ ጨዋታው ቅዳሜ 12፡30 ወይም 17፡30፣ እሑድ፣ አንዳንዴም ሰኞ ማታ ይሆናል። ሐሙስ የአውሮፓ ጨዋታ ያለበት ክለብ ደግሞ ቅዳሜ አይጫወትም፤ ወደ እሑድ ይገፋል። ለውጡ የሚታወቀው ጨዋታው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ስለዚህ ወይ ቀኑ እስኪጸና ጠብቁ፤ ወይ ደግሞ ዓርብ ገብታችሁ ማክሰኞ የምትመለሱበትን ቁረጡ። እሑድ ጠዋት መመለስ ቁማር ነው።

ትኬቱን በተመለከተ፣ ኤምሬትስ በር ላይ ሄዶ የሚገዛ የለም። አብዛኛው ወንበር የዓመት ትኬት ባላቸው ሰዎች የተያዘ ነው። የቀረው ለአባላት ይቀርባል፤ ፈላጊው ስለሚበዛ በዕጣ ይደለደላል። አባልነቱ በግለሰብ ነውና አምስታችሁም በየስማችሁ መመዝገብ አለባችሁ፤ አንዱ አባል ሆኖ ለአራቱ አይገዛም። አምስት ወንበር ጎን ለጎን አገኛለሁ ብሎ ማሰብም ዘበት ነው። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ለመቀመጥ ተስማሙ። ዕጣው ካልወጣላችሁ የክለቡን የራሱን የትኬት መለዋወጫ ገጽ እስከ ጨዋታው ሳምንት ድረስ ደጋግማችሁ ክፈቱ። የዓመት ትኬት ያላቸው ሰዎች መሄድ ሲያቅታቸው እዚያ ይለቁታል፤ አንድ አንድ ወንበር የሚወጣውም በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው። ገንዘብ የማያሳስባቸው ደግሞ ምግብና ምቹ ወንበር ያለበትን ጥቅል ከክለቡ ይገዛሉ።

በቴሌግራም «ትኬት አለኝ» የሚላችሁን ግን እርሱት። የእግር ኳስ ትኬትን ያለ ክለቡ ፈቃድ አትርፎ መሸጥ በእንግሊዝ ከ1994 ጀምሮ በሕግ ወንጀል ነው። ትኬቱ አሁን በስልክ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ሻጩ የሚልክላችሁ የስክሪን ፎቶ በሩን አይከፍትም። ቢከፍትም እንኳ ወንበሩ የሌላ ሰው አባልነት ላይ የተመዘገበ ነውና ክለቡ ከደረሰበት ይሰርዘዋል። ያኔ ገንዘቡም ጉዞውም ባከነ።

ሜዳው ደርሳችሁ በአገሬው ደጋፊ መሐል ስትቀመጡ የተጋጣሚውን ማሊያ የለበሰ ጓደኛ አይኑራችሁ። ከአምስቱ አንዱ በድብቅ የቼልሲ ደጋፊ ከሆነ ጎል ሲገባ እጁን ኪሱ ውስጥ ይክተት፤ አስተናባሪዎቹ ያወጡታል። ቦርሳ ከኤ4 ወረቀት የማይበልጥ ይሁን፤ ገንዘብም በካርድ ያዙ፤ ስታዲየም ውስጥ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ከአራት ሰዎች ሦስታችን የስዊድን ፓስፖርት አለን። አንዱ የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የስዊድን መኖሪያ ፈቃድ ነው ያለው። አብሮን መግባት ይችላል? (ከስቶክሆልም)

በመኖሪያ ፈቃዱ አይችልም። እንግሊዝ ሼንገን ውስጥ የለችም። የስዊድን ፓስፖርት ያላችሁ ከኤፕሪል 2025 ወዲህ በስልክ የሚሞላ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፤ ከፍላችሁ ትወስዳላችሁ፤ ሁለት ዓመት ያገለግላል። መታወቂያ ካርድ አይበቃም፤ ፓስፖርት ያዙ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ጓደኛችሁ ግን የጎብኚ ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ አሻራ መስጠትም አለ። ውሳኔው እንደ ወትሮው ሦስት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ሊዘገይም ይችላል። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚሄድም እንደዚሁ ነው። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የእሱ ቪዛ ይቅደም።

አንድ ፐብ ገብተን ወንበር ይዘን ተቀመጥን። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን፤ ማንም መጥቶ «ምን ልታዘዝ» አላለንም። በመልካችን ይሆን? (ከዱባይ)

አይደለም፤ የሚመጣ ሰው ስለሌለ ነው። በእንግሊዝ ፐብ አስተናጋጅ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ አይዞርም። ወደ ባንኮኒው ራሳችሁ ሄዳችሁ ታዝዛላችሁ፤ እዚያው ከፍላችሁ ብርጭቆውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ምግብ ከሆነ የጠረጴዛውን ቁጥር ትናገራላችሁ፤ እሱን ያመጡላችኋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ተመልከቱ።

ባንኮኒው ፊት ሰልፍ ያለ አይመስልም፤ ግን አለ። ቀጂው ማን ቀድሞ እንደመጣ በዓይኑ ይዟል። ብር ማውለብለብ፣ ማፏጨት፣ «ወንድም!» ብሎ መጣራት ወደ ኋላ ያስቀራችኋል። ቀና ብላችሁ ዓይኑን ጠብቁ፤ ተራችሁ ሳይደርስ ወደ እናንተ ከመጣ ከጎናችሁ ያለውን «እሱ ይቀድማል» በሉት፤ ይህን ያደረገ እንግዳ ወዲያው ይወደዳል።

መጠኑ ፓይንት ነው፤ 568 ሚሊ ሊትር። ግማሹ 284 ነው፤ ብዙ ዓይነት መቅመስ ለሚፈልግ ግማሹ ይሻላል፤ በዚህ የሚስቅባችሁ የለም። ዋጋው በለንደን መሐል 6 እና 7 ፓውንድ ገደማ ነው፤ ከለንደን ወጣ ሲሉ ይቀንሳል። ጉርሻ ባንኮኒ ላይ አይጠበቅም። ከ25 ዓመት በታች ከመሰላችሁ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ሕጉ 18 ቢሆንም ቤቶቹ ለጥንቃቄ ከፍ ያደርጉታል። ደወል ከተደወለ የመጨረሻ ማዘዣ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የያዙትን ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ይሰጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያጋጨው የዙር ነገር ነው። በየዙሩ አንድ ሰው ለሁሉም ይገዛል። እኛ አገር «እኔ ልክፈል፣ በእናትህ እኔ ልክፈል» ብሎ እጅ ለእጅ መያያዝ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ዙሩን ያበላሻል፤ ተራው የደረሰው ሰው ይክፈል። ሌላው ሒሳብ ደግሞ ይኸው፦ ስድስት ሰው ሆናችሁ ዙሩን ልሙላው ካላችሁ እያንዳንዳችሁ ስድስት ፓይንት፣ ማለትም 3.4 ሊትር ጠጥታችሁ ነው የምትነሱት። ከጨዋታ በፊት ይህ አይታሰብም። ሦስት ሦስት ሆናችሁ ተከፈሉ፤ ወይም ገና ሲጀመር መዋጮ ሰብስባችሁ ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ። ሁለተኛው መንገድ ለእኛ ሰው ይስማማል።

ጓደኛችን ያዘዘው ቢራ ሞቅ ያለና ጋዝ የሌለው ነበር። መመለስ አፍረን ጠጣነው። ተበላሽቶ ይሆን? (ከሮም)

ያዘዘው በእጅ ከሚሳበው ረጅም እጀታ የተቀዳውን ከሆነ ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ካስክ ኤል ይባላል። የቆየ ፐብ መጎብኘት ማለት ግማሹ እሱን መጠጣት ነውና ሰፋ አድርገን እንመልስ።

ይህን ቢራ ከቀዝቃዛ ድራፍት ጋር ሳይሆን ከጠላ ጋር አስተያዩት። ድራፍቱ ፋብሪካ ውስጥ ተጣርቶ፣ እርሾው ወጥቶለት፣ ጋዝ ተጨምሮበት ይመጣል። ካስኩ ግን እርሾው በሕይወት እያለ በርሜል ውስጥ ይታሸጋል፤ ፐቡ ምድር ቤት ከደረሰም በኋላ መፍላቱን አያቆምም። ያለው ጋዝ ራሱ ሲፈላ የሰጠው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምላስ አይነክስም። ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት እዚህ ሆፕ ይሰጠዋል። የምድር ቤቱ ሙቀት ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ነው። ከፍሪጅ የወጣ ቢራ ለለመደ ሰው ሞቅ ያለ ይመስላል፤ ቢቀዘቅዝ ግን ሽታውም ጣዕሙም ይደበቃል።

ሥራው ያለው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። የተለመደው በርሜል 41 ሊትር ያህል ይይዛል፤ 72 ፓይንት ማለት ነው። በጎኑ ይጋደማል፤ ከላይ ባለው ቀዳዳ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ውታፍ ይደረግበትና ትርፍ ጋዙ ይወጣል። ከዚያ በማያሳልፍ ውታፍ ይተካል። አተላው እስኪረጋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይተዋል። በዚህ መሐል በርሜሉን ያነቃነቀ ሰው ሁሉን አበላሸ፤ ጠላ የቀዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። መቀዳት ከጀመረ በኋላ ደግሞ በወጣው ቢራ ምትክ አየር ይገባል፤ ስለዚህ በሦስት ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት።

የሚበላሸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ በርሜሉ ቆይቷል። ከደፈረሰና እርሾ ከሸተተ ወይ አልረጋም፣ ወይ ወደ አተላው ደርሷል። (ሆን ተብሎ ደፍርሶ የሚሸጥም አለ፤ ይህንን ቤቱ ይነግራችኋል።) ገና በር ሲከፈት የተቀዳ የመጀመሪያው ብርጭቆ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ሲያድር የከረመው ነው፤ ደህና ቤት ይደፋዋል።

ስለዚህ ባንኮኒው ላይ አሥር እጀታ ያለውና ሰው የሌለው ቤት ስታዩ ተጠራጠሩ፤ ሦስት እጀታ ያለውና የተጨናነቀው ይሻላል፤ በርሜሉ ቶሎ ያልቃልና። ከማዘዝ በፊት ለመቅመስ ትንሽ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቢራው መጥፎ ከሆነ ሁለት ሦስት ጉንጭ ከቀመሳችሁ በኋላ ባንኮኒው ላይ መልሳችሁ ድምፅ ሳታሰሙ «ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል» በሉ፤ ይቀይሩላችኋል። ግማሹን ጠጥቶ መመለስ ግን አያስኬድም። «ሞቋል» ወይም «ጋዝ የለውም» የሚለው ቅሬታም አይሠራም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ቢተር የሚባለውን የካስክ ኤል ዓይነት ይዘዝ፤ አብዛኛው ከ3.5 እስከ 4.5 በመቶ አልኮል ነው፤ ቀን ለመዋል ይመቻል። ወደ ሰሜን እንግሊዝ ስትሄዱ የቧንቧው አፍ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክዳን ስለሚገጥሙ አረፋው ወፍራም ነው፤ በደቡብ አረፋው ሳሳ ይላል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በአገሬው ዘንድ አላለቀም፤ እናንተም አትግቡበት። ይህ ቢራ ሊጠፋ ተቃርቦ የነበረው በ1960ዎቹ ነው፤ በ1971 የተመሠረተው ካምራ የተባለ የጠጪዎች ማኅበር ነው ታግሎ ያቆየው።

በጾም ወቅት ነው የምንሄደው። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ሙስሊም ነው፤ አይጠጣም። ፐብ ምን እናደርጋለን? (ከቴል አቪቭ)

ለጿሚዎቹ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ድንች ጥብስ በአትክልት ዘይት ብቻ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ በተለይ በሰሜን እንግሊዝ በበሬ ሞራ የሚጠብሱ አሉ፤ ጠይቁ። የእሑድ ጥብስ ላይ የሚመጣው ድንችም በሞራ ሊሆን ይችላል፤ ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉት እንቁላልና ወተት አለው። ሁለተኛ፣ የሚያስተማምነው ከነልጣጩ የተጋገረ ድንች ከባቄላ ጋር ነው፤ «ቅቤና አይብ ሳይነካው» ብላችሁ እዘዙ፤ ካልተናገራችሁ ቅቤው ቀልጦ ነው የሚመጣው። ሦስተኛው ብዙዎች የማያውቁት ነው፦ ካስክ ኤልን ለማጥራት ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ ነገር የሚጨምሩ ጠማቂዎች አሉ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም፣ መጠጥስ ይጠጣል ወይ የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትተን፣ የማይፈልግ ሰው «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ይጠይቅ።

ለማይጠጣው ጓደኛችሁ፣ የሎሚ ሽሮፕ በሶዳ ውኃ በየትኛውም ፐብ አለ፤ ርካሽም ነው። ከዙሩ መውጣት ከፈለገ ገና የመጀመሪያው ሳይታዘዝ «እኔ ለብቻዬ ነኝ» ይበል። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ተራው ሊደርስ ሲል ከወጣ ግን መሸሽ ይመስልበታል።

ዘጠኝ ሰው ሆነን ሚኒባስ ተከራይተን ከለንደን ወደ ጨዋታው ልንሄድ ነው። መንገድ ላይ ቢራ መያዝ ይቻላል? ስታዲየም ውስጥስ? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መንገድ ላይ አይቻልም። በ1985 የወጣ ሕግ ወደ ትልልቅ ሊጎች ጨዋታ በሚወስድ አውቶቡስም፣ ከስምንት ተሳፋሪ በላይ በሚይዝ ሚኒባስም ውስጥ መጠጥ መያዝን ይከለክላል። ሾፌሩም ይጠየቃል። ሰክሮ ወደ ስታዲየም ለመግባት መሞከርም በዚያው ሕግ ጥፋት ነው። ስታዲየም ውስጥ ቢራ ይሸጣል፤ ነገር ግን ሜዳው ከሚታይበት ቦታ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ቆማችሁ ትጨርሳላችሁ። የዕረፍቱ 15 ደቂቃ በሰልፍ ያልቃል፤ ከጨዋታ በፊት ጠጡ ወይም ተዉት።

ስታዲየሙ አጠገብ ያሉት ፐቦች በጨዋታ ቀን የዋናው ክለብ ደጋፊ ብቻ የሚያስገቡ፣ በፕላስቲክ ብርጭቆ የሚቀዱና በር ላይ ትኬት የሚያዩ ናቸው። ካስክ ኤልን በደንብ ለመቅመስ አይሆኑም። የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ራቅ በሉ። ለ15፡00 ጨዋታ 11፡30 ምሳ፣ እስከ 13፡30 ፐብ፣ 14፡15 በር ላይ መድረስ በቂ ነው። ኤምሬትስ ከሆነ ከኪንግስ ክሮስ ተነስቶ በካሌዶኒያን ሮድ በእግር መሄድ አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ መንገዱ ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች አሉ። ሲያልቅ ወደ አርሰናል ጣቢያ አትሮጡ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሆሎዌይ ሮድም በጨዋታ ቀን አያገለግልም። ወደ ፊንስበሪ ፓርክ ወይም ሃይበሪና ኢዝሊንግተን ሂዱ።

ከጨዋታው ማግሥት አንድ ቀን አለን። የትኞቹን ፐቦች እንይ? ከለንደን ውጭስ? (ከሚኒያፖሊስ)

በለንደን ከሳዘርክ ጀምሩ። ጆርጅ ኢን ከ1676 ቃጠሎ በኋላ በ1677 እንደገና የተሠራ የመንገደኞች ማደሪያ ነበር፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት በግቢው ዙሪያ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ማደሪያዎች ለንደን ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ብላክፍራየር ግቡ፤ ግድግዳው በመነኮሳት ምስል የተሞላ ነው፤ በ1960ዎቹ ሊፈርስ ሲል ነው በዘመቻ የተረፈው። ከዚያ ፍሊት ስትሪት ላይ፣ ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ በ1667 የተሠራውን ቼሻየር ቺዝ ታገኛላችሁ። ክፍሎቹ ጨለማ፣ ደረጃዎቹ ጠባብ ናቸው፤ ረጅም ሰው ግንባሩን ይጠብቅ። ባለቤቱ ድርጅት በ2019 በፐቦቹ ውስጥ ስልክ መጠቀምን ከልክሏል፤ ቪዲዮውን ውጭ ጨርሱ። ሦስቱ የሚገኙት በአንድ የእግር ጉዞ ነው። ማግሥቱ እሑድ ከሆነ ግን በዚያ አካባቢ ብዙ ቤት ስለሚዘጋ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከለንደን ውጭ የእኛ ምርጫ ኖቲንግሃም ነው፤ ሊቨርፑልና ማንቸስተር ያሏቸውን ክለቦች ባንዘነጋም። ከሴንት ፓንክራስ በባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደው የኖቲንግሃም ፎረስት ሜዳና በ1862 የተመሠረተው የኖትስ ካውንቲ ሜዳ በትሬንት ወንዝ ማዶ ለማዶ ይተያያሉ። ካውንቲ በታችኞቹ ሊጎች ስለሚጫወት ትኬቱን ያለ ዕጣ ታገኛላችሁ፤ አምስት ሰው ጎን ለጎን መቀመጥም ይቻላል። ዩቬንቱስ ጥቁርና ነጭ ማሊያውን በ1903 የወሰደው ከዚህ ክለብ ነው። በከተማው «ከሁሉ የቆየሁ እኔ ነኝ» የሚሉ ሦስት ፐቦች አሉ፦ ትሪፕ ቱ ጀሩሳሌም፣ ቤል ኢንና ሳሉቴሽን። የመጀመሪያው ግድግዳው ላይ 1189 ብሎ ጽፏል፤ የሚታየው ሕንፃ ግን ከዚያ ብዙ ያነሰ ዕድሜ ያለው ነው። ዋናው ነገር ቁጥሩ አይደለም፤ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር ከአሸዋ ድንጋይ ተፈልፍለው የወጡት ክፍሎች ናቸው። ከሦስት እስከ ዘጠኝ ሰው አብሮ ሲሄድ ብዙ የባቡር ድርጅቶች ከጥድፊያ ሰዓት ውጭ ሲሦ ይቀንሳሉ፤ ትኬት ስትቆርጡ የቡድን ቅናሹን ጠይቁ።

ትኬት ያላገኘው ጓደኛችን የቅዳሜ 15፡00 ጨዋታችንን እዚያው ፐብ ተቀምጦ ማየት ይችላል? (ከአዲስ አበባ)

አይችልም። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታዩት ጨዋታ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ አይተላለፍም። ሰው ቤቱ ቀርቶ ትንንሾቹ ክለቦች ተመልካች እንዳያጡ ተብሎ ቅዳሜ ከ14፡45 እስከ 17፡15 የቀጥታ ጨዋታ በቴሌቪዥን ማሳየት ለአሥርት ዓመታት ክልክል ሆኖ ቆይቷል። ስክሪኑ ላይ የሚያየው ውጤት የሚያነቡ ተንታኞችን ነው። ከዚያ ይልቅ ከለንደን ብሪጅ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዞ ደልዊች ሃምሌት ወደተባለው ትንሽ ክለብ ሜዳ ይሂድ። የ1985ቱ ሕግ ከአምስተኛው የሊግ እርከን በታች ያሉትን አይመለከትምና ቢራውን እንደያዘ ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ ማየት ይችላል።